ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጽዮን፦ የጎንደር ማስታወሻ

ሰኞ

ወደ ጎንደር የሄድሁት በቤተ ሰባችን ውስጥ ጦርነትን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን የሚያስታውሱትን ከራሳቸው አንደበት ሰምቼ ለመቅረጽ ነው። አባቴ ጎንደር ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ ሰው በመሆኑ እኔ ከተማዋን የማውቃት በጥምቀትና በለቅሶ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ቤቱ በሰው ስለሚሞላ አንድን ሽማግሌ ለብቻው ይዞ ማውራት አይቻልም። በዚህ ምክንያት በዓልም ኀዘንም የሌለበትን ሳምንት መረጥሁ። ዓባይ በረሃን አቋርጦ በመኪና መሄድ ዛሬ እንደ ድሮው ቀላል ስላልሆነ በአውሮፕላን ሄጄ አዘዞ አጠገብ በሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድሁ፤ ከዚያም በባጃጅ ወደ አጎቴ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያው ምሽት በሰላምታ አለቀ። ከሩቅ የመጣ ዘመድ እንደ ደረሰ ጉዳዩን አያነሣም፤ የሞተው ተነግሮ፣ የታመመው ተጠይቆ፣ የተወለደው ተመርቆ ሲያበቃ ነገር የሚጀመረው በማግሥቱ ነው። ስልኬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተኛሁ።

ማክሰኞ

እምዬ የአያቴ ታናሽ እህት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ጣሊያን ሲወጣ ጥርሴን እየነቀልሁ ነበር» ብለው ይመልሳሉ፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ስለሆነ በዚህ ስሌት 90 ዓመት ግድም ሆኗቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ጎረቤት ቤት የወደቀ ድስት እንኳ አያመልጠውም። ቡናው ተቆልቶ አቦሉ እስኪወርድ ድረስ ስለ ጦርነት አንድም ቃል አልጠየቅሁም። ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ ሳስቀምጥ «ይኼ ነው የሚሰማኝ?» አሉና በጣታቸው ነካ አድርገው ተዉት።

ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት የጥያቄ ዝርዝር በዓመተ ምሕረት የተደረደረ ነበር። እምዬ ግን ጊዜን የሚቆጥሩት በቅዱሳን በዓላትና በልጆች ክርስትና ነው። ስለዚህ መቼ ነው ማለቱን ትቼ የማን በዓል እንደ ነበር ብጠይቃቸው ያን ጊዜ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩት አሮጊት እኔ በመጻሕፍት ካነበብሁት ጋር የሚገጥም ነገር ይነግሩኝ ጀመር።

የሚኖሩት ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው በኩል በአባታቸው ቤት ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይታጠናል፤ ልጆችም ጢሱን እየዞሩ ይጫወታሉ። ያን ዓመት ግን አባታቸው እሳት የለኮሰውን ልጅ በጥፊ መትተው እሳቱን በእግራቸው ረግጠው አጠፉት፤ በሰማይ የሚዞረው የእንግሊዝ አይሮፕላን ጢሱን አይቶ እንዳይጥልባቸው ፈርተው ነው። «የተመታሁት እኔ ነኝ» አሉ እምዬ፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው። «ለምን እንደ መታኝ ያወቅሁት ግን አድጌ ነው።» ከዚያ በኋላ መድፉ ለቀናት ሲያጓራ ሰነበተ፤ ዝም ያለውም «ከሚካኤል በኋላ፣ ጽዮን ሳትደርስ» ነው።

ኅዳር ሚካኤል በ12፣ ጽዮን ማርያም በ21 ትውላለች። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው የቁልቋል በር ምሽግ ኢትዮጵያውያን አርበኞች በተሳተፉበት ውጊያ በእንግሊዝ ጦር እጅ የወደቀው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን የኢጣልያው አዛዥ ጄኔራል ጉልየልሞ ናዚ የጎንደርን ጦር ይዞ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ከስድስት ወር በላይ አልፎ ነበር ማለት ነው። ሌላው አገር ነጻነቱን ሲያከብር የጎንደር ሰው ገና በሁለት ጦር መካከል ነበር፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 በሚደረገው ንግግር ግን ይህ ብዙ ጊዜ አይነሣም። መግቢያውም እንዲሁ የተለየ ነው፤ ኢጣልያኖች በመኪና ተጭነው ጎንደር የገቡት መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ላይ ዋናው ውጊያ በተደረገ ማግሥት ነበር።

እምዬ ስለ ጀግንነት ካወሩት ይልቅ ስለ መደበቅ ያወሩት ይበዛል። አባታቸው በከብቶች በረት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ግድግዳውን በጭድ ለብጠው ጤፍና ማሽላ ቀበሩበት፤ አፉን በዝንጣፊና በአፈር ደፍነው እበት ከመረጉት በኋላ ላሟን በላዩ አሰሩባት። እምዬ ይህን ሲነግሩኝ ቃል አልበቃ ስላላቸው የቄጠማውን ጉዝጓዝ ገለጥ አድርገው በመሬቱ ላይ በጣታቸው የጉድጓዱን አፍ ሣሉልኝ፤ ጠባብ ነው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያስገባል። ገብተው እህሉን በቅል የሚያወጡት ትንሿ ልጅ እርሳቸው ነበሩ። ከታች አየር ስለሌለ መጀመሪያ አፉ ተከፍቶ እንዲናፈስ ይደረጋል፤ ኩራዝ ይወርድና ካልጠፋ ልጅ ይወርዳል። ጠገራ ብሩ ደግሞ በሌላ ቅል ተደርጎ ከምድጃው ሥር ተቀበረ፤ ጣሊያን ሊሬ በሚሉት ወረቀት ይገበያዩ ቢልም ገበሬው ወረቀት አላምንም ብሎ ነበርና።

ጎረቤቶቹ በረካውን ጠጥተው ሲወጡ ወሬው ተለወጠ። ከግድግዳው ላይ የእምዬ ታላቅ ወንድም ሜዳሊያ አድርገው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ አርማጭሆ ወርደው ከእነ አሞራው ውብነህ ወገን የተሰለፉ አርበኛ መሆናቸውን በቤታችን የማያውቅ ልጅ የለም። ሌላ ወንድም እንደ ነበራቸው ግን እኔ የሰማሁት በዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛው በሊማሊሞ መንገድ ሥራ ለጣሊያን በቀን ሙያተኝነት ተቀጥረው ድንጋይ ሲፈልጡ ቆይተዋል። ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ስማቸውም በተዝካር ካልሆነ አይጠራም።

«ባንዳ ነበሩ እንዴ?» አልኋቸው፤ ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ራሴንም ከብዶኛል።

«ድንጋይ ፈለጠ እንጂ ሰው አልገደለ። ያኛው ጫካ ሳለ እናታችን የበላችው የዚህን ሊሬ ነው። ወረቀቱን አንቀበልም ያሉት ሁሉ ኋላ ጨው ሲያጡ ወደ እሱ መጡ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንች ጻፊው። እኔ እንኳ የሁለቱም እህት ነኝ» አሉኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ከአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ፋሲል ግቢ ሄድን። የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ስለ ግንቦቹ የሚያውቀው ለጎብኚ ከሚነገረው አይበልጥም፤ እኔም በዕድሜው ሳለሁ ከዚያ አላውቅም ነበር። ኢጣልያኖች ግቢውን ለጦራቸው ማዘዣ እንዳደረጉትና የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በመሬት መንቀጥቀጥ ከተጎዳ በኋላ የተረፈው በእንግሊዝ አይሮፕላን ቦምብ እንደ ፈረሰ ስነግረው፣ «ነጻ አውጪዎቹ ናቸው ያፈረሱት?» ብሎ ጣሪያ አልባውን ግንብ ቀና ብሎ አየ። የእምዬን አባት ጥፊ ያን ጊዜ ነገርሁት። ከዚያ በፒያሳ በኩል ስንመለስ ጣሊያን የሠራቸውን ፖስታ ቤቱንና ሌሎቹን ሕንፃዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው እየቆመ ተመለከታቸው፤ በየቀኑ በፊታቸው ያልፋል።

ሐሙስ

የዚህ ጉዞ ከባዱ ቀን ይህ ነው። አጎቴ በ1969 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። በቤታችን የሚታወቀው «ጋሼ ታስረው ነበር፣ ኋላ ሱዳን ገቡ» የሚለው ብቻ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የጎንደር እናቶች ለወቅቱ አስተዳዳሪ «የዛሬን ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልወልድም» ብለው ያለቀሱበት ሙሾ ዛሬም በየቤቱ ይታወሳል፤ ለቅሶው ይነገራል፣ የሟቹ ስም ይነገራል፤ ማን እንደ ጠቆመ ግን አይነገርም።

አጎቴ ከቁርስ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ስለ ጣሊያን ጊዜ ከእምዬ የሰሙትን በደስታ ተረኩልኝ፤ ያልኖሩበትን ዘመን በዝርዝር ሲያወሩ አንድም ጊዜ አልተደናቀፉም። ወደ ራሳቸው ዘመን ስንደርስ ስልኬን አንሥተው ፊቱን ወደ ታች አዞሩና «ይጥፋ» አሉኝ። አጠፋሁት። ከዚህ በታች ያለው በኋላ ፈቅደውልኝ፣ ስምና ሰፈር ሳይጠቀስ የተጻፈ ነው።

የታሰሩት በቀበሌ ነው። የእስር ቤቱን ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፉት፤ ጨምሬ አልጠየቅሁም። ከወጡ በኋላ ለሰሊጥ አጨዳ እንደሚሄድ ሰው መስለው ወደ መተማ ወረዱ፤ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም። የተመለሱት ኢሕአዴግ ጎንደርን ከያዘበት ከየካቲት 1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። እናታቸው አልቆዩአቸውም።

«የጠቆመኝ ሰው» አሉ ከዚያ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው በረጋ ድምፅ፣ «ባለፈው ዓመት ሞተ። እድራችን አንድ ነው። ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን።»

ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። እድር አባሉን በበደሉ አይመርጥም፤ ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ሲሞት ድንኳን ይተከልለታል፣ አግዳሚ ወንበር ይወጣለታል፣ ቀባሪ ይወጣለታል። አጎቴ ዳኛ ሆነው የሚያገለግሉበት እድር ስለሆነ የሟቹን ስም በመዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ብለው የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው። ልጆቹ አጎቴን ጋሼ ይሏቸዋል፤ አባታቸው ያደረገውን አያውቁም። ጋሼም እንዲያውቁ አይፈልጉም።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጻፍ። አረጋውያን ስለ ሩቁ ጦርነት በቀላሉ የሚያወሩት ትዝታቸው ስለ ጠራ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ጠላት ከባሕር ማዶ የመጣና ወደ ባሕር ማዶ የተመለሰ በመሆኑ ነው። የቅርቡን ጦርነት ዝም የሚሉት ደግሞ በዳዩም ተበዳዩም አንድ ምንጭ ስለሚቀዱ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሳለሙ ነው። ወጣቱ ትውልድ ታሪክ አያውቅም እየተባለ ሲወቀስ እሰማለሁ። ማን ነግሮት? እኔ ራሴ የቀይ ሽብርን ነገር ከቤቴ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ነው የሰማሁት።

ዓርብ

ከሰዓት በፊት መብራት ስለ ጠፋ የቀረጽሁትን ለመጻፍ አልተመቸኝም። ወደ ደባርቅ ሄጄ ጣሊያን እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ ይዞት የነበረውን የወልቀፊትን በርና ሁለተኛው የእምዬ ወንድም ድንጋይ የፈለጡበትን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ለማየት አስቤ ነበር፤ የቤቱ ሰዎች «መንገዱ አይታመንም» ብለው ከለከሉኝ። ያለፈ ጦርነትን ለመጻፍ መጥቼ ስላሁኑ ሳልጠይቅ መቅረቴን ያስተዋልሁት አክስቴ ይህን ስትል ነው። ቀኑን ሽሮና ጎመን በልተን አሳለፍነው።

ቅዳሜ

የወንዶቹን ወሬ በረንዳ ላይ ሰማሁ፤ የሴቶቹን ለመስማት ግን ማዕድ ቤት መግባት ያስፈልጋል። አክስቴና ሁለት ጎረቤቶቿ በርበሬ ሲቀነጥሱ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ሦስቱም እናት የሆኑት በደርግ ዘመን ነው፤ ትዝታቸውም በአንድ ቃል ዙሪያ ይሽከረከራል፦ አፈሳ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠራ ነበር። በወረቀት ላይ እንዲህ ይነበባል። በሰፈር ግን የቀበሌ ኮታ ነበር፤ ኮታው ካልሞላ ዕድሜው ያልደረሰውም ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከመንገድ ይታፈሳል።

አንደኛዋ ጎረቤት ወንድሟን በጎታ ውስጥ ከእህል በታች አስቀምጣ ሁለት ሌሊት አሳደረችው። እህሉ እንዳያፍነው የሸምበቆ ቀፎ በጎታው ጎን አስወጥታ ነበር። ይህን ስትናገር ሌላዋ «የሸምበቆውንስ ነገር ማን አስተማረሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ «እናቴ፤ በጣሊያን ጊዜ አባቷን የደበቁት እንዲህ ነው» አለች። ጉድጓዱ ጎታ ሆነ፣ እህሉ ሰው ሆነ እንጂ ብልሃቱ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን አላቋረጠም። በዚህ ቤት ዓድዋን ማን እንደ መራ በትክክል ሊመልሱ የማይችሉ ሴቶች ሰውን ለሁለት ሌሊት በሕይወት ደብቆ ማቆየትን ከአያቶቻቸው ተምረዋል፤ እኔ ታሪክ ብዬ ከማነበው ይህኛው ይበልጥ ሠርቷል።

ወንድምየው ከዚያ በኋላ ተያዘ። የሄደው ወደ ኤርትራ ነው፤ አልተመለሰም። ጎረቤታችን ይህን ስትናገር በርበሬውን መቀንጠስ አላቆመችም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም እምዬ ዘንድ ተሰበሰብን። ስልኩን እንደ ተለመደው ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥሁት። እኔ ስለ አይሮፕላኑ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይቀራል ብዬ ሳስብ እምዬ ከእኔ ዘወር ብለው ለአጎቴ ልጅ፣ «አንተስ ያን ሰሞን ሲተኮስ የት ነበርህ?» አሉት።

ወጣቱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተኩሱ ሌሊት እንደ ጀመረ፣ ፍራሹን አውርዶ መስኮቱ ሥር ከታናሽ እህቱ ጋር እንደ ተኛ፣ ኔትወርክ ስለ ተቋረጠ ጓደኞቹ ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቅ እንደ ሰነበተ ተናገረ። እህቱ እንዳትሰማ ሙዚቃ ከፍቶ ማዳመጫውን በጆሮዋ አድርጎላት ነበር። አባቱ፣ ማለትም በሐሙሱ በረንዳ ላይ ስልኬን ያስጠፉት አጎቴ፣ ይህን ሁሉ የሰሙት በዚያች ሰዓት እንደ ሆነ ከፊታቸው አየሁ። በዚያን ሌሊት እርሳቸው ለለቅሶ ሌላ ሰፈር ሄደው መመለሻ አጥተው ነበር፤ ልጃቸው ደህና መሆኑን ከሰሙ በኋላ ሌላ አልጠየቁትም።

እምዬ ግን ጠየቁት። መስኮቱ ወደ የት ያያል? ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ? ውኃ ቀድተህ ነበር? አንድ በአንድ መለሰላቸው። «መስኮት ሥር አይተኛም» አሉት በመጨረሻ። «ጥግ ነው፤ ሁለት ግንብ የሚገናኝበት። ውኃውን ደግሞ ቀን ነው መቅዳት፤ በተኩስ መካከል ልጅ ይጠማዋል።» ልጁ ያለ ፌዝ «እሺ እምዬ» አላቸው። እኔ ለመጠየቅ የመጣሁትን ዝርዝር እርሳቸው በአንድ ስኒ ቡና ጨረሱት፤ ከዚህ በኋላ ሌሎች ዘመዶችን ስጠይቅ አረጋውያኑ ወጣቶቹን እንዲጠይቁ ቦታ መልቀቅን እመርጣለሁ።

ሰኞ

ከመሄዴ በፊት ለአጎቴ የሐሙሱን ጽሑፍ አነበብሁላቸው። ያለ ፈቃዳቸው የሚወጣ ቃል እንደማይኖር ቃል ገብቼ ስለ ነበር እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ቆም እያልሁ አሰማኋቸው። የእድሩን ስም የሚያስታውቅ አንድ ቃል አስወጡ። የእምዬን ሁለተኛ ወንድም ጉዳይ ሲሰሙ «እርሳቸውንማ ጻፊያቸው፣ ጊዜው ነው» አሉ። የቀረጻውን ቅጂ በሁለት ፍላሽ አድርጌ አንዱን ለእርሳቸው፣ አንዱን ለልጃቸው ሰጠሁ፤ ልጁም እምዬ በሕይወት ሳሉ የቀረውን በራሱ ስልክ እንደሚቀርጽ ነገረኝ።

የባጃጁ ሹፌር ደጅ ሆኖ ጡሩንባ ሲነፋ አጎቴ እንደገና ጠሩኝ።

«ስለዚያ ሰውዬ የጻፍሽው ጎደሎ ነው» አሉኝ። «እኔ ታስሬ ሳለሁ ሚስቱ በየሳምንቱ ለእናቴ እንጀራ ትልክ ነበር። ባሏ አያውቅም። እሷ ዛሬም አለች። ይኼንንም ጨምሪበት።»